ከሰው ጋር የሚሄድ ዕዳ

ስለ ግብር ሲወራ በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው የሱቅ፣ የቤትና የደመወዝ ግብር ነው። ሰው በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚነግድበት አገር ይገብራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ ሰው ከአንድ አገር ጠቅልሎ ከወጣ፣ ሥራውንም ኑሮውንም ሌላ ቦታ ካደረገ በኋላ «ዜጋዬ ነህና የትም ብትሆን ትገብርልኛለህ» ቢባል ይህ ሐቅ ነውን? ወይስ ዙልም? ጥያቄው የሩቅ አገር ጉዳይ ይመስላል። በቅርቡ ግን ከቤታችን ገብቶ ሲያከራክረን አምሽቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዒድ በሁለተኛው ቀን እንደ ልማዳችን በሐጂ አጎታችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የእህታቸው ልጅ ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ፣ የዚያን አገር ዜግነት ወስዶ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ባለቤቱንና ያኔ አምስት ዓመት የነበራትን ልጁን ይዞ ጠቅልሎ ገብቷል። ዛሬ መርካቶ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ ያድሳል፤ ግብሩንም እዚሁ ይከፍላል። በአማናው የታወቀ ስለሆነ የሰፈራችን የመስጊድ ማሠሪያ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥና ቼክ ፈራሚ እንዲሆን በአንድ ድምፅ መርጦት ነበር። እሱ ግን «ጥቂት ቀን ስጡኝ» ብሎ ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ ቅር ተሰኙ። የዝምታውን ምክንያት ያወጣው ያን ቀን ነው።

«ሐጂ፣ ቨርጂኒያ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር» አላቸው። «እኔ የምፈርምበት ሒሳብ ሁሉ፣ ገንዘቡ የእኔ ባይሆንም እንኳ፣ በየዓመቱ ለአሜሪካ መንግሥት መነገር አለበት አለኝ። የጀመዓውን ገንዘብ ለሌላ አገር መንግሥት ልቆጥር ነው። ይባስ ብሎ እስከ ዛሬ የራሴንም ሳላስታውቅ ነው የኖርኩት። ከወጣሁ ወዲያ ነገሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።»

አጎታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፣ ያን ወረቀት ስትወስድ እጅህን አንሥተህ ምለህ የለም?» ብለው ጠየቁት። «ምያለሁ» አለ። «እንግዲያው ቃል ቃል ነው» አሉ። ታናሽ ወንድሙ ግን አላስችል ብሎት «ምን ሰጥተውት ነው የሚገብርላቸው? በመንገዳቸው አይሄድ፣ በሐኪማቸው አይታከም፣ ልጁ በትምህርት ቤታቸው አትማር!» ሲል ተናገረ። በዚያ ምሽት እኔ ለሁለቱም የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ሳስብበት ግን ሁለቱም የእውነት ድርሻ እንዳላቸው ተረዳሁ።

በመጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኞቹ የዓለም መንግሥታት የገቢ ግብር የሚጥሉት በነዋሪነት ነው። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሚመለከተው ሰውየው ነዋሪ መሆን አለመሆኑን፣ ገቢውም ከየት እንደመጣ ነው። ዜግነትን መሠረት አድርገው፣ ሰው የትም ቢኖር ከገቢው የሚጠይቁ ተብለው በዋናነት የሚጠቀሱት አሜሪካና ኤርትራ ናቸው። ፊሊፒንስም እንዲሁ ታደርግ ነበር። በ1997 ባወጣችው ሕግ ግን በውጭ የሚኖሩ ዜጎቿ በውጭ የሚያገኙትን ገቢ ነፃ አድርጋዋለች።

የአሜሪካው ልማድ ሥሩ የሚመዘዘው በ1860ዎቹ ከነበረው የእርስ በርስ ጦርነታቸው ነው። ያኔ የጦርነቱን ወጪ ለመሸፈን የገቢ ግብር ሲጣል፣ ባሕር ማዶ ያለው ዜጋም እንዳይቀር ተብሎ በሕጉ ገባ። በ1913 ዛሬ የሚሠራበት የገቢ ግብር ሲቋቋም ይኸው ሐሳብ ቀጠለ። በ1924 ኩክ የተባለ በሜክሲኮ ሲቲ የሚኖር አሜሪካዊ «ኑሮዬም ንብረቴም እዚህ ነው፤ ለምን እገብራለሁ?» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን መንግሥት ዜጋውንና ንብረቱን የትም ይሁኑ የትም ስለሚጠቅም ግብር የመጠየቅ ሥልጣን አለው ሲል ፈረደበት።

ሸክሙ ምን ያህል ነው? በዚህ ላይ ማጋነን አይገባም። አሜሪካ በውጭ የሚኖር ዜጋዋ በሥራው ካገኘው ገቢ የተወሰነውን ነፃ ታደርግለታለች። ይህ መጠን ለ2025 ዓመት 130,000 ዶላር ነበር። በሚኖርበት አገር የከፈለው የገቢ ግብርም በአብዛኛው ይታሰብለታል። ስለዚህ ብዙ ሰው በመጨረሻ የገቢ ግብር ላይደርስበት ይችላል። ነገር ግን ነፃ መሆኑ የሚረጋገጠው በየዓመቱ ሪፖርት ሲያደርግ ነው።

በራሱ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። ለማኅበራዊ ዋስትናቸው የሚከፈለው 15.3 በመቶ በዚያ ነፃ ማድረጊያ አይሸፈንም። የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ ይጠየቃል። አንድ ባለ ሱቅ በዓመት 20,000 ዶላር ቢያተርፍ 2,800 ዶላር ገደማ ይደርስበታል፤ ለኢትዮጵያ የከፈለው ግብር ከዚህ ላይ አይቀነስለትም። እንደ ጀርመንና ጃፓን ያሉ አገሮች ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ከአሜሪካ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት አላቸው። ኢትዮጵያ የላትም፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባቸው ሳዑዲ ዐረቢያና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስም የላቸውም። በእርግጥ ክፍያው ለጡረታው ይቆጠርለታል፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ጡረታውን እዚያ ልውሰድ ብሎ የመረጠ ሰው አይደለም።

ከሁሉ የከበደው የባንክ ሒሳብ ሪፖርቱ ነው። መነሻው በ1970 የወጣ ሕግ ነው። አንድ የአሜሪካ ዜጋ ከአሜሪካ ውጭ ባሉት ወይም በሚፈርምባቸው ሒሳቦች ውስጥ ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማስታወቅ አለበት። ዓላማው ገንዘባቸውን በሩቅ ባንክ የሚደብቁ ሀብታሞችን መያዝ ነበር። መረቡ ግን ዓሣ ነባሪውንና ትንሿን ዓሣ አይለይም። በ2010 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የውጭ ባንኮች ራሳቸው የአሜሪካውያንን ሒሳብ እንዲያስታውቁ፣ እምቢ ካሉ ከአሜሪካ ከሚያገኙት ገቢ 30 በመቶ እንዲያዝባቸው አደረገ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ አንዳንድ ባንኮች «አሜሪካዊ ደንበኛ አንፈልግም» እስከማለት ደረሱ።

ለዘመዳችን ሁኔታ የሚቀርብ አንድ ጉዳይ በ2023 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታይቷል። ቢትነር የተባለ የሮማንያ ተወላጅ ወደ አሜሪካ ሄዶ ዜግነት ካገኘ በኋላ በ1990 ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ በንግድ ይከብራል። የሒሳቦቹን ሪፖርት ማቅረብ እንዳለበት አላውቅም ነበር አለ። መንግሥት ግን የአምስት ዓመቱን ሒሳቦች አንድ በአንድ ቆጥሮ በ272 አባዝቶ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጠየቀው። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ቅጣቱ የሚቆጠረው በሪፖርት እንጂ በሒሳብ ብዛት አይደለም ስላለ ወደ 50,000 ዶላር ወረደለት። ልብ በሉ፤ ይህ ሆን ብሎ ደብቋል ያልተባለ ሰው ቅጣት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ከሰው ጋር የሚሄድ ግዴታ ሁሉ ዙልም ነው» ማለት እንችላለን? አንችልም። እኛ ሙስሊሞች ራሳችን እንዲህ ያለ ግዴታ አለብን። ዘካ ከአዲስ አበባ ወደ ጂዳ ብንሄድ፣ ከጂዳም ወደ ለንደን ብንሻገር አይቀርልንም። ከዘካ ሌላ በሀብት ላይ የሚጣለው ሁሉ ግፍ ነው ማለትም አይቻልም። እንደ ኢማም አል-ገዛሊና ኢማም አሽ-ሻጢቢ ያሉ ዑለማእ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሲራቆትና እውነተኛ ችግር ሲኖር ባለጸጎች ላይ መዋጮ መጣል እንደሚቻል አስተምረዋል። ስለዚህ የወንድምየው ንዴት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ነገር ግን ዘካን ልብ ብለን እንየው። በመጀመሪያ ወሰን አለው፤ ኒሷብ ያልሞላለት ሰው አይጠየቅም፣ ቅጽም አይሞላም። ሁለተኛ፣ ለቅርቡ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩት ከባለጸጎቻቸው ተወስዶ ወደ ድሆቻቸው እንዲመለስ ነው ያዘዙት። ግዴታው ከሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ፍሬው ግን ሰውየው ባለበት ይቀራል። የምናየው ግብር ግን ግዴታውም ፍሬውም ሰውየው ወደሌለበት ይሄዳል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ፍርድ ቤቱ ያነሣው የጥበቃና የጥቅም ምክንያትስ? ይህም ባዶ አይደለም። ያ ፓስፖርት ዘመዳችንን ያለ ቪዛ ብዙ አገር ያስገባዋል፤ ልመለስ ቢል በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን ጥበቃው በሩቅ ምን ያህል እንደሆነ እዚሁ አይተናል። በ2021 መጨረሻ በአገራችን ጦርነቱ ሲበረታ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹ በመደበኛ በረራ እንዲወጡ ደጋግሞ አስጠነቀቀ። የትኬት ገንዘብ ለሌላቸው ያዘጋጀውም ብድር ነበር።

ይህን ሳስብ የሒምስ ታሪክ ይታወሰኛል። የታሪክ ጸሐፊው አል-በላዙሪ እንደመዘገበው፣ በ636 ከያርሙክ ጦርነት በፊት የሮማው ንጉሥ ሠራዊት ሲገሰግስ ሙስሊሞች ከሒምስ ከተማ መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ያን ጊዜ ከከተማው ሕዝብ የሰበሰቡትን ግብር መልሰው ሰጡ። «እናንተን መጠበቅ ካልቻልን ገንዘባችሁን መያዝ አይገባንም» የሚል ነበር ምክንያታቸው። ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም፤ ገንዘቡም አንዴ ገቢ ሆኗል። ቢሆንም ግብር የጥበቃ ዋጋ ከሆነ ጥበቃው ሲጓደል ዋጋው ይመለሳል ተባለ። ፍርድ ቤቱ ያለው ምክንያት በዚህ ሚዛን ሲመዘን ጥቂት ጥበቃ ጥቂት ግብርን ብቻ ይሸከማል።

የኤርትራ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከነፃነቱ ማግስት ጀምሮ በውጭ የሚኖር ኤርትራዊ ከገቢው 2 በመቶ ይጠየቃል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። በጦርነት የደቀቀችን አገር መልሶ ለመገንባት በፈቃዱ፣ በደስታ የከፈለ ብዙ ነው። ችግሩ ያልከፈለ ሰው በቆንስላ ፓስፖርት ሲጠይቅ፣ ውርስ ሲያጣራ፣ ሰነድ ሲፈልግ የሚገጥመው ነው። በታኅሣሥ 2011 የተባበሩት መንግሥታት ጸጥታ ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 2023 ግብሩን በማስፈራራትና በማጭበርበር መሰብሰብ እንዲቆም ጠይቋል። እንግዲህ ዙልም የሚለካው በመቶኛው ትልቅነት ብቻ አይደለም። ሰውየው እናቱን ለመቅበር ወይም የአባቱን ቤት ለመውረስ የሚያስፈልገው ወረቀት በመያዣነት ከተያዘ 2 በመቶም ከባድ ነው።

እንግዲያስ ሐጂ አጎታችን «ቃል ቃል ነው» ያሉት ይፈርሳል? አይፈርስም። ሕጉ ሊነቀፍ ይችላል፤ እንዲለወጥ መጠየቅም ይቻላል። በ2024 መጨረሻ በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ ግብሩ በነዋሪነት ላይ እንዲመሠረት የሚያደርግ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን በምርጫው የማለ፣ የዜግነቱንም ጥቅም የያዘ አዋቂ ሰው፣ ሕጉ ከበደኝ ብሎ በድብቅ ሊኖር አይገባውም። ሙእሚን ዐህዱን ይፈጽማል፤ አልችልም ካለ ደግሞ በግልጽ ይፈታዋል። መፍቻው አለ። የዜግነት መተው ማስፈጸሚያ ክፍያው በ2014 ከ450 ወደ 2,350 ዶላር መጨመሩ በሩን አጠበበው እንጂ አልዘጋውም፤ በ2023ም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ማሰባቸውን አስታውቀዋል። የእኛ ሕግ ሁለት ዜግነት ባይፈቅድም፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ እዚህ ለሚኖር ተወላጅ የኢትዮጵያ ዜግነቱን የሚመልስበት መንገድ አለው።

ልጅቱስ? እዚህ ላይ ግን የአጎታችን ቃል አይደርስም። እሷ እጇን አንሥታ አልማለችም። ቨርጂኒያ ውስጥ ስለተወለደች ብቻ ዜጋ ናት። ለአካለ መጠን ሳትደርስ አባቷ በስሟ ሊተውላት አይችልም። ዛሬ ምንም ስለሌላት ምንም አይደርስባትም፤ ነገ ሱቅ ስትከፍት ወይም በውርስ ገንዘብ ሲደርሳት ግን ሳታውቀው ባለዕዳ ልትሆን ትችላለች። ይህ የሕፃናት ብቻ ነገር አይደለም። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ቦሪስ ጆንሰን በ1964 ኒው ዮርክ ተወልደው ከአምስት ዓመታቸው ወዲህ አሜሪካ አልኖሩም። ለንደን ውስጥ ቤት ሲሸጡ ግን አሜሪካ ከትርፉ ግብር ጠየቀቻቸው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ከፈሉ፣ ቆይተውም ዜግነቱን ተዉ። ለእሳቸው ጠበቃ ነበራቸው። ለመርካቶ ልጅ ማን አላት?

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ግዴታ ከሰው ጋር መሄዱ በራሱ ግፍ አይደለም። ግፍ የሚሆነው ሰው ሳያውቀውና ሳይገባበት ሲታሰር፣ ሸክሙ ከሚያገኘው ጥቅም ሲበልጥ፣ ይልቁንም በሚኖርበት ሕዝብ መካከል ያለበትን አማና እንዳይወጣ ሲያግደው ነው። የዘመዳችን ትልቁ ኪሳራ 2,800 ዶላሩ አልነበረም። ሕዝብ አምኖ የሰጠውን እስክሪብቶ ማንሣት አለመቻሉ ነበር።

ነገሩ እንዴት አለቀ? በመጀመሪያ የራሱን አስተካከለ። ባለማወቅ ለቀሩ ሰዎች ከ2012 ጀምሮ የተከፈተ፣ በ2014ም የሰፋ መንገድ አለ፤ የሦስት ዓመት የግብር ሪፖርትና የስድስት ዓመት የሒሳብ ሪፖርት አቅርቦ፣ የደረሰበትን ግብር ከወለዱ ጋር ከፍሎ ያለ ቅጣት መታረቅ ነው። ወጪው አሳምሞታል፤ እንቅልፉን ግን መልሶለታል። ከዚያ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ሁሉንም ዘርዝሮ ነገራቸው። ሊቀመንበሩ «ልጄ፣ የመስጊዱ ሒሳብ በየጁሙዓው በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ጎረቤት የሰማውን አሜሪካ ብትሰማ ምን ይጎዳናል? ፈርም» አሉት። ዘመዳችን ግን «እናንተ ብትፈቅዱም ሃምሳ ብር ይዛ የመጣችው እናት አልተጠየቀችም። የሰጠችው ለመስጊድ እንጂ ለእኔ ቅጽ አይደለም» አላቸው። ከረጅም ምክክር በኋላ ሌላ ሰው ፈራሚ ሆነ፤ እሱ ያለ ፊርማ መዝገቡን እንዲይዝ ተስማሙ። ቅር ተሰኝተው የነበሩት ሽማግሌዎችም ዝምታው ከኩራት ሳይሆን ከአማና የመጣ መሆኑን አወቁ።

ሐጂ አጎታችን ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። «የልጅቱን ወረቀቶች በአንድ ፖስታ አድርገህ አስቀምጥ። አሥራ ስምንት ሲሞላት ቁጭ አድርገህ ንገራት። እኛ ሳናውቅ የገባንበትን እሷ አውቃ ትወስን» አሉት።

ውድ አንባቢያን! በአሜሪካ የተወለደ ልጅ ወይም የዚያን አገር ዜግነት የያዘ ወንድም ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። ዜግነት ለልጆቻችን የምናወርሰው ጸጋ ብቻ ሳይሆን ዕዳም አለው። በጓዳ ከመፍራት፣ በሰው ወሬም ከመደናገጥ አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ፣ ያወቁትንም ለልጅ ሳይደብቁ መንገር ይበጃል። አላህ ቃላችንን የምንጠብቅ፣ ባልገቡበት ቃል የታሰሩትንም የምንረዳ ያድርገን። አሚን።